ለናርዳ የመጡ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

አልድራትም። የሱፍ ቤቱ ሴት ሁሉ ተሰብስቦ ቢያለቅስ አልድራትም።

ናርዳን እኔ አልፈጠርኳትም። ሽፋኑ ከጠፋ መጽሐፍ ውስጥ ያገኘኋት ባለ ክንፍ ልጅ ናት። መጽሐፉ መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያልቃል፤ የቀረውን ባለሱቁ ስኳር ጠቅልሎበታል። ታሪኩ ተንጠልጥሎ ሲቀር አላስችል ስላለን፣ እኔና ራቤል ከተማ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሰናይት ተራ በተራ እየጻፍን ቀጠልነው። ደብተሩ በአይሱዙ ከዘመሮ ራቤል ይመላለሳል። እዚህ ዘመሮ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ የሚሆን ሱፍ በምንፈትልበት ቤት፣ እኔ አነባለሁ፣ ሌሎቹ እንዝርት እያሾሩ ይሰማሉ። ሰብሳቢያችን እትዬ አስካለ የፈቀዱት የሴቶቹን እጅ ያፈጥናል ብለው ነው።

ዛሬ የሰናይት ምዕራፍ ደረሰኝ። አስቀድሜ ሳላየው ማንበቤ ጥፋቴ ነው። የተራራውን መስፍን አምጥታ ናርዳ ፊት አንበርክካዋለች። መልከ መልካም ነው፣ ነጭ ፈረስ አለው፣ ምን ያልሰጠችው አለ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። በመጽሐፉ ሕግ ባለ ክንፍ ልጅ ካገባች ክንፏ ይረግፋል፤ ይህንኑ አስታወስኳቸው። እትዬ አስካለ ከእንዝርታቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ “ክንፍ ምን ያደርግላታል? ለሴት የሚሻላት ቤት ነው” አሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ ሰናይትን ደወልኩላት። ራቤል ያሉትም ሠርግ ነው የሚፈልጉት አለችኝ። የሚፈልጉትን ብንሰጣቸው ምናችን ይጎድላል ብላ ሳቀች። የራስሽን ክንፍ ስጫቸው ብያት ዘጋሁ። አሁን ትንሽ ቆጭቶኛል። ብዙ ግን አልቆጨኝም።

ሠርግ የሚሉ፦ እትዬ አስካለ፣ ፈታዮቹ በሙሉ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሆነው የሚሰሙት ሸማኔዎች፣ ዘበኛው ጋሽ ደምሴ፣ ሰናይት።

አይሆንም የሚሉ፦ እኔ።

ከሰዓት እትዬ አስካለ ለብቻዬ ጠሩኝ። የሚቀጥለው ምዕራፍ ሠርግ ከሌለው ከሰኞ ጀምሮ ንባብ የለም፣ ደብተሬን ይዤ ቤቴ ላንብብ፣ አሉኝ። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ፈራሁ። ራሴን አውቃለሁ፤ የሚሰማኝ ሰው ከሌለ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ዛሬ የሆነውን ብናገር ማን ያምነኛል።

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ጋሽ ደምሴና ሁለት ሸማኔዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው በራችን ላይ ቆሙ። እናቴ ገና ስታያቸው ፊቷ በራ። አምና ለእኔ የመጡትን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። ወደ ጓዳ ገፋ አድርጋኝ ፀጉሬን እንድሰበስብ ነገረችኝ፤ አጎዛ አነጠፈች፣ ጠላ ልትቀዳ ሮጠች። አባቴ ተቀመጡ ቢሏቸው፣ እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። ለማን ልጅ ነው የመጣችሁት ሲሏቸው ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ “ለተራራው መስፍን” አሉ።

አባቴ የየትኛው ተራራ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ደምሴ ጥያቄውን አልፈው የሙሽራዋን ስም ጠሩ። እናቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። “ናርዳ ደግሞ የማን ልጅ ናት?”

ጓዳ ውስጥ ሆኜ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። እትዬ አስካለ ናቸው የላኳቸው፤ ሽማግሌ ሲመጣ ማሳፈር ነውር መሆኑን ያውቃሉ።

ነገሩ ሲገባቸው አባቴ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። “እኔ ይችኛዋን እንኳ እሺ ማሰኘት አቅቶኛል። ልጅቱን ራሷን ጠይቋት” አሉና ለቅዳሜ ቀጠሮ ሰጧቸው። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ተቀመጡ፤ ጠላውንም ጠጡ።

እናቴ እስኪመሽ አላነጋገረችኝም። አንጀቴን በላችኝ። ቢሆንም ለዚህ ብዬ አላገባም፤ ናርዳንም አልድርም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ውርጩ እጅ ይቆርጣል። አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ፤ ውሸት ነው።

እውነቱን ለመናገር ሠርጉን ሞክሬዋለሁ። ድንኳን ተከልኩ፣ ሚዜ አቆምኩ፣ ከበሮም አስመታሁ። የመጀመሪያው ላባ ሲረግፍ ግን ገጹን ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና ቀደድኩ። ሦስት ገጽ ሄደ። ከዚያ አባቴ እንዳሉት ልጅቱን ጠየቅኋት። ቁጭ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ጋሽ ደምሴ ለቀጠሯቸው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሱፍ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። መልሱ ከደብተሩ ነው ብያቸው ገባሁና ማንበብ ጀመርኩ። የመስፍኑ ሽማግሌዎች ናርዳ ደጅ ይቆማሉ፤ ናርዳ ማንንም ሳትልክ ራሷ ትወጣለች፤ እንዲህም ትላቸዋለች፦

“መስፍናችሁ ከነክንፌ ከወደደኝ ይምጣና ራሱ ይንገረኝ። ክንፍ የሌላትን ከሆነ የሚፈልገው፣ በር ተሳስታችኋል።”

ትላቸዋለች፣ ትበራለች።

እልልታ የለም። ጋሽ ደምሴ “እንግዲህ መልሱ መልስ ነው” ብለው ጋቢያቸውን አወለቁ። አንዷ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ ሌላዋ ይህን ለመስማት ነው ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅነው ብላ አጉረመረመች። ደብተሩን አጠፍኩት። ሰኞ ባላነብም ግድ የለኝም አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ግድ ግን ነበረኝ።

እትዬ አስካለን አየኋቸው። እንዝርታቸው ቆሟል። ሱፉን ጭናቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ።

“እኔን ሲድሩኝ ማንም አልጠየቀኝም” አሉ።

ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ደጅ አዞሩ። እትዬ አስካለ እንዝርታቸውን አነሱ፣ ክሩን በጣታቸው አጠበቁ።

“ታዲያ ወዴት በረረች?”

ገና አላወቅሁም አልኳቸው።

“እስከ ሰኞ እወቂ” አሉኝ።