ለጀናዛ የሰጠሁት ቀጠሮ

ሐሙስ

ደንቡ «ይልካል» ነው የሚለው፤ «ይቀብራል» አይልም። ይህንኑ ነው የተናገርኩት። ምን አጠፋሁ?

ታክሲ ነጂው ሰይድ፣ የወሎው፣ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ሚስቱ ዘይነብ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከሃውቶርን ድረስ መጣች። ፌርፋክስ ሰፈር፣ እድራችን የሚሰበሰብባት ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ አገኘችን። የእድሩ ዳኞች ሦስት ነን፤ እኔ፣ ብርቄና ግርማ። ነገር ሲያከራክር ደንቡ ማለት የፈለገው ይህን ነው ብለን የምንፈርድ እኛ ነን። ከመሥራቾቹ የቀረነው እኔና ብርቄ ነን። ግርማ እዚህ ሰው አገር ያደገ ነው፤ ጋሼ ብሎ ጠርቶኝ አንተ ይለኛል።

«ጋሼ ተሰማ፣ እዚሁ ነው የምንቀብረው» አለችኝ ዘይነብ። «ጀናዛ አይቆይም። እድሩ ነገ ያስቀብርልን።»

የደንቡን ደቃቅ ጽሕፈት ማንበብ ስለሚከብደኝ በቃሌ ነው የያዝኩት። አንዲት ቃል አትወድቅብኝም። «እድሩ የሞተ አባሉን አስከሬን ወደ አገር ቤት ይልካል» አልኳት።

ግርማ እንግሊዝኛ እየቀላቀለ፣ «ያኔ ደንቡ ሲጻፍ እኮ ሙስሊም አባል አልነበረም ጋሼ። አሁን ግን አለ፣ ሶ አንተ...» ሲል አቋረጥኩት። ለዚህኛው አንድ፣ ለዚያኛው ሌላ ካልን ደንብ የሚባል አይኖርም። ብርቄን አልጠየቅኳትም። እኔው ቆረጥኩ፦ ለእሑድ ተቀጥሯል፣ ጉባኤው ይየው።

ዘይነብ አየችኝ። ሻሿን አስተካክላ ወጣች። አላለቀሰችም።

ዓርብ

ቀበሩት። ከጁምዓ ስግደት በኋላ የመስጊዱ ሰዎች ቀበሩት። ለእኛ ማንም አልነገረን። ግርማ ደውሎ፣ «ለሬሳ ቀጠሮ ሰጠህ እኮ ጋሼ» አለኝና ዘጋው።

ስድ! አልኩ፤ ብቻዬን።

ግን እውነቱን ነው። የድንበር ክርክር ነው እንዴ የሚቀጠረው? ባደግኩበት አገር የተጣላ ሰው እንኳ ቀብር አይቀርም። እኔ የእድር ዳኛ ሆኜ ቀረሁ።

ምሳ አልበላሁም። ቴሌቪዥኑንም አልከፈትኩም።

ቅዳሜ

የእድሩን ወንበሮች ግርማ መኪና ላይ ጭነን ለቅሶ ቤቱ ሄድን። በር ላይ አንድ ሰው ተቀበለን። «ወንበር ሞልቶልናል፣ አባት። ይመልሱት» አለን፤ በትህትና። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። የአልማዝን፣ የሚስቴን ሬሳ ስንልክ ኤርፖርት ያደረሰኝ ሰይድ ነበር። ሥራውን ትቶ፣ ሳጥኑ እስኪገባ አጠገቤ ቆመ። ይህ የእኔ ሃይማኖት አይደለም አላለም። ደንቡ ምን ይላል ብሎም አልጠየቀ።

እሑድ

ጉባኤ። የሰይድ አገር ሰዎች፣ የወሎ ልጆች፣ አንዳቸውም አልመጡም። ቦታቸው ባዶ።

አሁንም ጀመርኩ፤ «ደንቡ...» ስል ብርቄ ተነሳች።

«ተሰማ፣ ያን ቃል ለምን እንዳስገባነው ረሳኸው? ያ ቫን ናይስ ሰፈር ብቻውን ይኖር የነበረ ልጅ ሲሞት ሦስት አራት ሆነን ቆምን፤ የሚያለቅስለት ዘመድ እንኳ የለ። እናቱ ታልቅስበት ብለን ነው ይላክ፣ ይላክ ያልነው። አውሮፕላኑን ወደነው ነው እንዴ? የሰይድ አልቃሾች ሃውቶርን ናቸው። የት ልትልከው ኖሯል?»

አንዳንዶቹ ሳቁ።

አልረሳሁትም። እዚህ ላይ ልጻፈው እንጂ፣ አውቀው ነበር። አልማዝ የሄደችው በዚያ ቃል ነው። ቃሉ ይህን ያህል ሰፊ ነው ከተባለ፣ እሷንም እዚሁ ከአጠገቤ ማስቀመጥ እችል ነበር ማለት ነው። ይህን መስማት ስላልፈለግኩ የሰው ባል አስከሬን አስቆምኩ። ደንብ ጠባቂ ነኝ እያልኩ።

ለጉባኤው አልተናገርኩትም። እጄን ብቻ አነሳሁ። ተወሰነ፦ እድሩ ቤተሰብ በመረጠው ቦታ ያስቀብራል፤ ሞት እንደተሰማ ዳኞች እዚያው ይወስናሉ፣ ቀጠሮ የለም።

«ማን ይነግራታል?» አለ ግርማ።

«እኔ» አልኩ።

ሰኞ

በአውቶቡስ ሄድኩ። ግርማ ልውሰድህ አለኝ፤ እምቢ አልኩ።

«ይግቡ፣ ጋሼ» አለች ዘይነብ። ውሃ ሰጠችኝ። ውሳኔውን ነገርኳት።

«ለሚቀጥለው ሰው ጥሩ ነው» አለች።

ባርኔጣዬን አውልቄ ጉልበቷን ልስም ዝቅ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ። «ይተዉ፣ ትልቅ ሰው ነዎት። አላህ ይቅር ይበልዎ።»

እሷስ ይቅር ትለኛለች? አልጠየቅኳት።

ስወጣ በሩን ይዛ፣ «ሐሙስ ለነፍሱ ሶደቃ እናወጣለን፣ ሰው ይበላል። ወንበር ካነሰን እንደውላለን» አለች።

ይደውሉ አይደውሉ አላውቅም። ወንበሮቹን ግን ዛሬውኑ አንድ በአንድ ወለወልኳቸው፤ እድሩ ጓዳ በር አጠገብ ደርድሬያቸዋለሁ።