ከግድግዳው ማዶ ያለ ሙዚቃ

ይድረስ ለእናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? የአንኮበር ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደብረ ብርሃን ሥራዬን እየሠራሁ አለሁ። ይህን ደብዳቤ መነፅርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፤ ለፋንቱ አትስጪያት። እህቴ ናት፣ እወዳታለሁ፣ ግን ምስጢር ሆዷ ውስጥ አያድርም።

ባለፈው እሁድ መጥታ ተቆጥታኝ ሄደች። የሰይጣን ዘፈን ትሰሚያለሽ፣ ልብሽን ያደነደነው እሱ ነው፣ እማዬ ጠበል ልታስገባሽ ነው አለችኝ። አጎቴ ታደለ ማረፉን በስልክ ስትነግሪኝ «ደግ ነው፣ ሰላም በይልኝ» ብዬ ዘጋሁት አሉ። ለቅሶም አልደረስኩም። ፋንቱ ሁሉንም በሙዚቃው ስታሳብብ ዝም አልኳት፤ እንዲያውም እፎይ አልኩ። ዛሬ የምናዘዝልሽ ያንን ዝምታ ነው።

ሙዚቃው የጎረቤቴ የዘርአ ዳዊት ነው። ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራል፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ቃል የለውም፣ ከበሮ የለውም። ቼሎ የሚሉት እንደ ትልቅ ማሲንቆ ያለ ነገር ቀስ ብሎ ይገዘገዛል፣ ከሥሩ የወንዶች ድምፅ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም ከመሬት በታች ደወል የሚመታ ይመስላል። አከራያችን እትዬ ይመኙሻል በሰማችው ቁጥር ታማትባለች፤ ግቢዬን ሬሳ ቤት አስመሰለው ትላለች። እኔም የመጀመሪያ ቀን ፀጉሬ ቆመ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ግድግዳውን በመዳፌ ብነካው ይነዝራል። ፈራሁ፣ ግን አልተነሳሁም። ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ነገር ከዳር እስከ ዳር ሳይጎድልብኝ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሌላው ዘፈን ተቦጫጭቆ ነው የሚደርሰኝ። ከበሮው ይመጣል፣ ዘፋኙ ይቀራል። ጠዋት ባሕር ዛፉ ላይ የሚንጫጩት ወፎች የት ሄዱ ብዬ እትዬ ይመኙሻልን ብጠይቃት ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ወፍ አልጠየቅኩም።

ጆሮዬ እየከዳኝ መሆኑን ፋብሪካ ማንም አያውቅም። ጨርቅ የምንሸምንበት አዳራሽ ማሽኑ ስለሚጮህ ሁላችንም የምናወራው በእጅና በአፍ ቅርፅ ነው። ከእኔ የተሻለ አፍ የሚያነብ የለም፤ አለቃችን ቴዎፍሎስ እንኳ ያሞግሰኛል። የምፈራው ስወጣ ነው። በቀደም ጉም ወርዶ ሳለ ባጃጅ ቀሚሴን ጨርፎኝ አለፈ። ሾፌሩ ቆሞ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አየሁት። ደጋግሞ ጡሩንባ እንደነፋልኝ የነገረችኝ አጠገቤ የነበረች ሴት ናት። እዚያው መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

ሐኪም ቤት አልሄድኩም። ወረቀቱ ፋብሪካ ይደርሳል ብዬ እፈራለሁ። «ገና ይብስብሻል» እንዳይሉኝ ደግሞ ከዚያ በላይ እፈራለሁ።

ሙዚቃው አያስፈራም አልልሽም፣ ያስፈራል። የምወደውም ለዚያ ይመስለኛል። የደስታ ዘፈን ሲያባብለኝ እየዋሸኝ ነው እላለሁ። ይሄኛው አያባብለኝም፤ ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ ሰው አጠገቤ ይቀመጣል። እሱ ካለ ፍርሃቱ እኔ ላይ ብቻ አይወድቅም። አሁን ዘርአ ዳዊትን ራሴ እለምነዋለሁ፣ ትንሽ ከፍ አድርግልኝ እያልኩ። ከፍ እንዲል የምለምነው ግን በየወሩ እየጨመረ ነው።

የዚያን ቀን ስልኩ ላይ፣ እማዬ፣ መናገርሽን አውቄያለሁ፤ ቃሉ ግን አልደረሰኝም። እንደ ወትሮው ስለ በጎቹና ስለ ጎረቤቱ የምታወሪኝ መስሎኝ ነው የመለስኩልሽ። የአጎቴን ማረፍ ያወቅኩት እሁድ ዕለት ከፋንቱ አፍ ላይ ነው። አላለቀሰችም ካሉሽ አትመኚያቸው።

ጠበሉን እሺ፣ እሄድልሻለሁ። ሙዚቃውን ለማስለቀቅ ግን አይሁን፤ እኔ የምለምንበት ሌላ ጉዳይ አለኝ። ከሁሉ የምፈራው ስሜን ስትጠሪ ድምፅሽ እንዴት እንደነበር መርሳቴን ነው። አሁን እንኳ እየጻፍኩ ላስታውሰው ስሞክር አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል።

ስለዚህ አትደውይ፣ ነይ። ስትመርቂኝ ከንፈርሽን በደንብ እንዳየው ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ይሁን። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ መንገድሽን ያቅናልኝ፣ ዕድሜሽን ከእኔ ላይ ቀንሶም ቢሆን ይጨምርልሽ።

ስትደርሺ በሩን አታንኳኪ። ገፋ አድርገሽ ግቢ፤ ክፍት እተወዋለሁ።

ታላቋ ልጅሽ