«ሜዲስን» ስትል የቱን ማለትህ ነበር

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎናል፤ ሙት ዓመትህንም አውጥተናል። እንደምን አለህ ብዬ እንዳልጀምር አትመልስልኝም። እኔ ግን ደክሞኛል።

የሉማሜው ቤት እንዳለ ነው። የእማዬ ስኳር ከፍ ዝቅ ይላል፤ መድኃኒቷን ፍለጋ አሁንም ደብረ ማርቆስ ድረስ በሚኒባስ እንመላለሳለን። ጎሚስታ ቤትህን አብሮህ ይሠራ የነበረው አያ ደሳለኝ ይዞታል። በዚያ ሳልፍ ጎማ ሲነፋ ከሰማሁ አንተ እየመሰልከኝ ዞር እላለሁ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አለፍኩልህ። ካለፍኩ ወዲህ ግን ሰላም የለኝም። ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» እያለ ይጠራኛል፤ የእኔ ልብ ያለው ፋርማሲ ላይ ነው። አንተን ሆስፒታል ካስታመምኩ በኋላ ሐኪም መሆን ያስፈራኛል፤ የታማሚ ልጆች ፊት ቆሜ አባታችሁ አይድንም ማለት አልችልም። ይህን ባነሳሁ ቁጥር እማዬ ታለቅሳለች፤ አጎቴም የአባትሽን ቃል ልታፈርሺ ነው ወይ ይለኛል። እውነትም በመጨረሻው ሰሞን እጄን ይዘህ፣ ሜዲስኑን እንዳትተዪ ብለኸኛል። ሁሉም ሰምቷል፤ ምን እመልሳለሁ?

ባለፈው ሳምንት ግን አያ ደሳለኝ ከጎሚስታ ቤቱ አጠገብ ያለችውን ባዶ ክፍል እያሳየኝ፣ አባትሽ ይቺን ላንቺ ብሎ አከራዩን ሲለማመጥ ነበር እኮ አለኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ልጄ ሜዲስኑን ስትጨርስ መድኃኒት እዚሁ ትሸጥልናለች፣ የእናቷም መመላለስ ይቀራል ትል እንደነበር ነገረኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ መምህሬ ይቺ ልጅ ለሜዲስን ትሆናለች ብሎህ፣ አንተም ጎማ ላይ ተቀምጬ ሳጠና መጥተህ ሜዲስን ምንድን ነው ብለህ ጠየቅከኝ። ከደብተሬ ቀና ሳልል መድኃኒት ነዋ አልኩህ። አንተም እንደነገርኩህ ያዝከው። ዶክተር የሚለውን የጨመሩበት ሌሎቹ ናቸው። እዚያችው ክፍል ደጃፍ ቆሜ አለቀስኩ።

ለእማዬ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። ፋርማሲ ስለፈለግሁ የፈጠርኩት መስሏታል። አያ ደሳለኝን ላምጣልሽ ብላት ፊቷን አዙራ ጋቢዋን ተከናነበች። አልፈርድባትም፤ ዓመቱን ሙሉ የዶክተር እናት እያሉ ነው ያጽናኗት።

ምርጫው ሲመጣ ፋርማሲን ነው የማስቀድመው። እማዬ ታኮርፈኛለች፣ እችለዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ አያ ደሳለኝ ባይነግረኝም ቆርጬ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በልቤ ስከራከር የከረምኩት ካንተ ጋር ነው፤ መንገድ ላይ፣ ቅዳሴ ቆሜ፣ ልብስ ሳጥብ። ተቆጣኸኝ፣ መለስኩልህ፣ እንደገና ተቆጣኸኝ። ለካ አንተ ነገሬ ብለህም አታውቅ። ሙግቱ ሲያልቅ እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። አሁን ቤቱ ጭር ብሎብኛል።

እንግዲህ ሰው በአንተ ስም ሲናገር ዝም ብዬ አልሰማም፤ አባቴ እንዲህ ነበር ብዬ እኔው እናገራለሁ። እስካለሁ ድረስ አነሳሃለሁ፣ አባዬ። ብቻ አንዳንዴ፣ በሆነ ባልሆነው፣ ተቆጣኝ።

ልጅህ