በፊልሙ ላይ የተመለሰው ወታደር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለመከታዬ፤

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ ትደገፋለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትልቋ ጥፍሯን መብላት ተወች? ትንሹስ አፉን ፈታ? የእናንተን ደህንነት ስሰማ ግማሽ ሕመሜ ይለቀኛል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን እንላለን፤ የምናመሰግንበት ነገር ቢጠፋብንም ማመስገኑን አልተውንም። እኔ እጄ በፀጉር ቀለም ከመላጡ በቀር ደህና ነኝ። እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትሄዳለች። «ደህና ናት» ብዬ ልጽፍልህ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ እንዳልነግርህ ቤታችን ጠባብ ነው፤ ሹክ ያልኩት ሁሉ እሷ ጆሮ ይገባል። ደግሞ ስጀምረው ማልቀሴ አይቀርም፤ አንተም ሰው አገር ሆነህ የኔን ልቅሶ ምን ታደርገዋለህ?

ነገሩ የመጣው በፊልም ነው ብልህ ትስቅብኝ ይሆናል። በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያው የተበሳው ሲኒማ ቤት ታድሶ ተከፈተ። መጀመሪያ ያሳዩትም ስለዚያው ስለኛ ጦርነት፣ ስለዚያው ወንድማችን ቀጮ ስለነበረበት ግንባር የተሠራ የፍቅር ፊልም ነው። አንዲት ነርስ አንድ የቆሰለ ወታደር ታስታምማለች፤ ይዋደዳሉ። ቁስሉ ሲሽር ወደ ግንባር ይመለሳል፤ ግንባሩ ይፈርሳል፤ እሱ ይማረክና የገባበት ይጠፋል። እሷ ስንቱ ቢለምናት እምቢ ብላ ሰባት ዓመት ትጠብቀዋለች። መጨረሻ ላይ ዝናብ እየዘነበ፣ ከሲታ ሆኖ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ ወርዶ ከባቡር ይወርዳል። ትሮጣለች፤ ያቅፋታል፤ መብራት ይበራል። የኛ ከተማ ሰውም ዓይኑን እየጠረገ ይወጣል።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለም። ፀጉር ቤቴ መጥቶ ካስክ ውስጥ ጭንቅላቱን የከተተ ሁሉ ፊልም መርማሪ ሆኗል። ከፊት ለፊቴ ጎማ የሚጠግነውን ጎሚስታ ታውቀዋለህ፣ ያ የጦሩ ሹፌር የነበረው። ሥራውን ጥሎ በሬ ላይ ቆሞ «ያ መኪና እኮ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው የመጣው! ጉድ ነው! የኛዎቹ ዳገት ላይ እየወረድን የምንገፋቸው ነበሩ» ይላል። የታሪክ አስተማሪዋ ፀጉሯን እየታጠበች፣ አረፋው ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ ግንባሩ የፈረሰው በደረቁ ወር እንደሆነና ጭቃው ከየት እንደመጣ ትጠይቃለች። አንዲት ሙሽራ ደግሞ ሰልችቷት «እናንተ ሰዎች፣ እሱ እንደዚያ ሲያያት መኪናውን ማን አየ?» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አፌ አያርፍም፤ የነርሷን ፀጉር አነሳሁ። በዚያ ሁሉ ከበባ፣ ውሃ በጠርሙስ እየተሰፈረ፣ ፀጉሯ ተተኩሶ እንደ ሐር ይወርዳል። ያኔ እኮ ቅማል ፈርተን ሴቱ ሁሉ ተላጭቷል፤ ግማሹን የላጨሁት እኔ ነኝ።

እንዲህ ስለ መኪናው፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ፀጉሩ ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። ስለ መጨረሻው ግን ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። «ይሄ ውሸት ነው» ያለ አንድም አልነበረም። እኔም አላልኩም።

ለቀጮ እርማችንን ያወጣነው በአንተ ቃል እንደሆነ ታስታውሳለህ። ከምርኮኞች ጋር ታየ፣ ድንበር ተሻገረ፣ ሆስፒታል ተኝቷል የሚል ወሬ ስንከተል ስንት ዓመት ከርመን፣ አንተ በስልክ «በቃ፣ አልቅሱና ይውጣላችሁ» አልከን። አለቀስን። ልብሱን ለሰው ሰጠን፣ አልጋውን ፈታን። ጥቂት ወር ብቻ አብራው የኖረችው ምራታችን ያን ቀን ያወጣችው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ለመናገር ያሳፍራል፣ ቤቱ ቀለል አለው። እማዬ ጎረቤት ማማት ጀመረች። እማዬ ሰው ማማት ከጀመረች ዳነች ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ምራታችንም ዳቦ ቤት ሥራ ገባች፣ ፊቷ ሞላ። በርና መስኮት የሚበይደው ጎረቤታችን በየማለዳው ዳቦ እየገዛ ሲመላለስ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ያን ሁሉ ዳቦ ምን ያደርገዋል እያልን እንስቅ ነበር። ኋላ ነገሩ ገባን። በያጁ ጨዋ ሰው ነው፤ እጁን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ለውጦ መጥቶ እማዬን ራሷን ጠየቃት። እማዬም ምራታችንን አስቀምጣ «ከማህፀኔ አልወጣሽም እንጂ ልጄ ነሽ። ወጣትነትሽን ከሱ ጋር አትቅበሪው» ብላ መረቀቻት። ሦስታችንም ተላቀስን፤ ያ ልቅሶ ግን ደስ ይል ነበር። ቀኑ ተቆረጠ። ፀጉሯን እንዴት እንደምሠራላት እንኳን ተነጋግረን ጨርሰን ነበር።

በዚህ መሐል ሲኒማ ቤቱ በጦርነቱ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶችን በነፃ ጋበዘ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ምራታችን «እኔ ያየሁት ይበቃኛል» ብላ ቀረች፤ እማዬን እኔ ይዣት ሄድኩ። መጀመሪያ ላይ አልወደደችውም፤ ሲሳሳሙ ሻሿን ዓይኗ ላይ እየጎተተች «እነዚህ ሥራ የላቸውም እንዴ?» ትለኛለች። ሰውየው ከባቡር ሲወርድ ግን እጄን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። መብራቱ በርቶ ሰው ሁሉ ሲነሳ እሷ አልተነሳችም። «አየሽው?» አለችኝ። «አየሁት» አልኳት። ተዋናዩን ማለቷ መስሎኝ ነበር።

እቤት እንደገባን የቀጮ አልጋ ብረት የት እንደተቀመጠ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ራሷ ገጣጠመችው፣ አንሶላ አነጠፈችበት። ከተማችን ባቡር የላትም፤ ስለዚህ መናኸሪያ መሄድ ጀመረች። ጠዋት ሄዳ የመጨረሻው አውቶቡስ ገብቶ ሰው እስኪወርድ ከቲኬት መቁረጫው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። እኔም መኪናው ውሸት ነው፣ ጭቃው ውሸት ነው፣ ፀጉሩ ውሸት ነው እያልኩ የጎሚስታውንም የአስተማሪዋንም ነገር ዘከዘክሁላት። ሰምታኝ «መኪና ማንም ይሳሳታል። አንድ የተመለሰ ባይኖር ግን ከምን አንስተው ይሠሩታል?» አለችኝ።

ከሁሉ የከፋው ለምራታችን ነው። እማዬ «ልጄ» ማለቱን ትታ «የልጄ ሚስት» ትላት ጀመር። በያጁ ነገሩ ቢገርመው እማዬን ሊያነጋግር መጣ። ሻይ ቀዳችለት፣ ስኳሩን ራሷ አማሰለችለት፣ ከዚያ በለሰለሰ አንደበት «አንተ ጥሩ ሰው ነህ፤ ይቺ ግን ባል ያላት ሴት ናት» አለችው። ሻይውን ሳይጨርስ ወጣ። ዳቦ ቤትም ቢሆን ሰው አፉን አልሰበሰበም፤ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ «ነርሷን አየሻት? ሰባት ዓመት እኮ ነው! ፍቅር ማለት እሱ ነው» ይላታል። ክፋት የላቸውም፤ ስለ ፊልም እያወሩ ነው። እሷ ግን አንድ ቀን ፀጉር ቤቴ መጥታ መጋረጃውን ጋረደችና «እኔ እኮ አንዴ ቀብሬዋለሁ። ቆፍሬ ላውጣውና እንደገና ልጠብቀው? ስንት ጊዜ ነው ሰው አንድ ባል የሚቀብረው?» አለችኝ።

ፊልሙን የሠራው ሰው የተመልካች አስተያየት ሊሰማ እንደሚመጣ ስሰማ መላ ያገኘሁ መሰለኝ። እማዬንም ምራታችንንም ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ወጣት ነው፣ ጉንፋን ይዞት መሐረቡ ከእጁ አይለይም። ጎሚስታው ስለ መኪናው ጠየቀው፤ የዘመኑን መኪና ፈልጎ በብር እንኳን እንዳጣ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። አስተማሪዋ ስለ ጭቃው ጠየቀችው፤ ዝናብ ለዓይን ያምራል አላት፤ ሰው ሳቀ። እኔ ተነሳሁ። «እኔ የምጠይቀው ስለ መጨረሻው ነው። ያ ሰው በእውነት ተመልሷል?» አልኩት።

ሳቁ ጠፋ። ሰውየው ማይኩን ከአፉ አራቀው፣ መልሶ አስጠጋው። «አልተመለሰም። ነርሷ አክስቴ ናት። እሱ ከተያዘበት ካምፕ የተመለሰ ሰው ብዙ ፈለግሁ፤ አንድም አላገኘሁም። እሷ ግን ስትጠብቀው ነው ያረጀችው። ጽሑፉን ስጀምር በሕይወት ነበረች፤ አንዴ እንኳን ሲመለስ እንድታየው ብዬ ነው እንደዚያ የጨረስኩት» አለ። እማዬ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ ማይክ ሳትቀበል፣ «አየችው ታዲያ?» ብላ ጠየቀችው። «አላየችውም፣ እማማ። ሳልጨርሰው አረፈች» አላት። ጎሚስታው ሌላ ጥያቄ ኖሮት እጁን አውጥቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ አወረደው።

ስንመለስ እኔ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ጥርስ እንደተነቀለለት ሰው አሞኝም ቀሎኝም ነበር። እማዬን «ይቅር በይኝ» አልኳት። «ምን አደረግሽኝ?» ብላ እራቷን በደንብ በላች። ምራታችን ሳህን እያጠበች በዓይኗ «ተገላገልን» አለችኝ። ጠዋት ስነሳ እማዬ ሻሿን አስራ፣ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ደረስኩባት። ወዴት እንደምትሄድ ጠየቅኋት። «የሱ አክስት ሞታ ነው። እኔ አልሞትኩም» አለችኝና ወጣች።

በያጁ ሱቁን ዘግቶ ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል። ሲሄድ የተሰናበተው እኔን ነው። «ከሞተ ሰው ጋር መኖር እችል ነበር፤ ፎቶውን እንኳን ራሴ ነበር ግድግዳ ላይ የምሰቅልለት። ከሚጠበቅ ሰው ጋር ግን እንዴት ብዬ?» አለኝ። ስነግራት ምራታችን አላለቀሰችም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ የተረፈ ዳቦ ይዛ መናኸሪያ ትሄድና ከእማዬ ጎን ትቀመጣለች። ታምኚበታለሽ ወይ ብዬ ብጠይቃት «አላምንበትም፤ ብቻዋን ስትቀመጥ አላስችል ብሎኝ ነው» አለችኝ። ከትናንት በስቲያ ግን ወደዚያ ስትሄድ ፀጉር ቤቴ ጎራ አለች። መስታወቴ ፊት ቆማ ፀጉሯን አበጠረች፣ ከንፈሯን ቀባ ቀባ አደረገች። እኔን አላየችኝም።

ትናንት ልወስዳቸው ሄድኩ። አውቶቡስ ገባ። ሁለቱም አንገታቸውን አሰገጉ። እናቱን የተሸከመ ሰው ወረደ፣ ተማሪዎች ወረዱ፣ ፍራሽ የያዘ ሰው ወረደ። እኔ ልጠራቸው መጥቼ ቆሜ የወራጁን ፊት አንድ በአንድ እያየሁ፣ አንድ ጺማም ሰውዬ ሲወርድ ልቤ ዘለለ። እኔ ነኝ እኮ፣ ጋሼ፤ ያን ጥያቄ የጠየቅሁት እኔው።

ለእማዬ ጻፍላት፣ ምከራት አልልህም። ከፊልሙ ባለቤት አፍ የሰማችውን ያልተቀበለች ካንተ አትቀበልም። ያለሁበትን እወቅልኝ ብዬ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ፈቃድ አግኝተህ ከመጣህ እንደ ልማድህ ድንገት ላስደንግጣቸው አትበል። ቀድመህ ለእኔ ንገረኝ፤ መናኸሪያ ሳትደርስ ማደያው ጋ ውረድ፣ እኔ በኋላ በር አስገባሃለሁ። ካሁን በፊት ነግሬህ አላውቅም፤ ከሩቅ ሲያዩህ አካሄድህ የሱ ነው። ትከሻህን ስትጥል ቁርጥ ቀጮ ነህ። እሷ ከዚያ አግዳሚ ተነስታ፣ በዚያ በሚያማት እግሯ እየሮጠች መጥታ፣ አንተ መሆንህን ስታውቅ ፊቷ የሚሆነውን አንተ ማየት የለብህም። የበኩር ልጇ ነህ፤ አንተን በማየቷ እንዴት ትዘን?

ባለቤትህን ከልቤ ሰላም በልልኝ፤ ሹራቡ ደርሶኛል፣ ልክ ነው። ትልቋን ጉንጯን ሳምልኝ፣ ጥፍርሽንም ተይው በላት። ትንሹን በእኔ ፈንታ ትከሻህ ላይ ተሸከመው። ምራታችን ሰላም ብላሃለች። እማዬ መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ግን ወገብህን ጠይቂልኝ ማለቷ አይቀርም ነበር።

እህትህ፣
ከእናትህ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በደረቁ ወር መጀመሪያ