ለአባዬ፣ ስለዚያ ኮሌጅ እውነቱን

ይድረስ ለማትመልስልኝ ለአባዬ፣

ከቀበርንህ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በሕይወት እያለህ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። አጋሮ ቡና ስትገዛ ሰንብተህ ቅዳሜ ቅዳሜ መንደራ ቆጪ ወደ ቤታችን ትመጣ ስለነበር ደብዳቤ ምን ያደርግልን ነበር? ዛሬ የምጽፍልህ፣ ፊትህ ቆሜ ልነግርህ ያልደፈርኩትን ነገር ትናንት ለእማዬ ስለነገርኳት ነው።

ቤታችን ደህና ነው። የመንገድ ዳሩን ክፍል ለልብስ ሰፊ አከራይተነዋል። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ጤነኛ ነው። ትንሿ ልጅህ ሰናይት አሥረኛን ተፈትና ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት አላመጣችም። የመንግሥት ቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተቀብሏት ነበር፤ ጦሱ የመጣው ከዚህ ነው። እማዬ፣ ኤሌክትሪክ የወንድ ሥራ ነው፣ ልጄ ምሰሶ ላይ አትንጠለጠልም፣ እህቷ የተመረቀችበት ኮሌጅ ትገባለች አለች። ለክፍያው ደግሞ አጋሮ የቀረችንን የቡና ማሳ ልትሸጥ ደላላ ጠራች። አንዷን ማሳ ለእኔ ትምህርት እንደሸጥካት አልረሳሁም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ኮሌጅ የምለው ስሙ ስለሆነ ነው። ምድር ቤቱ ቆርቆሮና ቀለም ይሸጥበታል፤ ፎቁ ላይ በወርቃማ ፊደል “የልህቀት ማዕከል” ተብሎ ተጽፏል። ቤተ መጻሕፍቱ አንድ የተቆለፈ ቁም ሳጥን ነው። ቁልፉ ዘበኛው ዘንድ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ ከሰዓት አይገኝም። ኮምፒውተሮቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ የሚነሱት አራቱ ናቸው፣ እነሱም መብራት ሲኖር። የሒሳብ አያያዝ መምህራችን ወረዳ ቢሮ ሲሠራ ውሎ እኛ ዘንድ ሊያንቀላፋ ይመጣ ነበር። እሱ እንኳ ከሌሎቹ ይሻላል፤ ቢያንስ ይመጣል።

ሰኞ ዕለት ሄጄ ዲኑን ሦስት ነገር ጠየቅሁት። ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ከገቡት ስንቱ ይጨርሳል? የጨረሱትስ ስንት ያገኛሉ? ክራቫቱን አስተካክሎ፣ ወጪው ተመጣጣኝ ነው አለኝ። ተመጣጣኙን እኔ ደመርኩት። ወርሃዊው ክፍያ በራሪ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ መመዝገቢያው፣ ሞጁሉ፣ የልምምድ ደብዳቤውና የጋዋን ኪራዩ ግን መነጽር ካልተደረገ አይነበቡም፣ ሲደመሩም ዋናውን ሊያክሉ ምንም አይቀራቸውም። ስንቱ ይጨርሳል ስለው፣ “መቶ በመቶ እናስመርቃለን፣ ሚ፣ እስቲ ፎቶዎቹን እዪ” ብሎ ግድግዳውን አሳየኝ። ስለ ደመወዝ ደግሞ፣ እሱ እንደ ልጁ ትጋት ነው አለ። ለአፍ ዳገት የለውም።

የሚገርመው መቶ በመቶ ያለው ውሸት አለመሆኑ ነው። እዚያ ቤት መመረቅ ማለት ጋዋን መልበስ ነው፣ ጋዋን ደግሞ ለከፈለ ሁሉ ይሰጣል። ዲፕሎማ የሚያገኘው የብቃት ምዘናውን ያለፈ ብቻ ነው፤ ይህን ግን በራሪ ወረቀቱ በትንሹም አልጻፈው።

አንተ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለውን ደረቅ ቡና፣ ስትገዛ ከላይ የተነሰነሰውን ምርጥ ፍሬ አይተህ ዋጋ ቆርጠህ አታውቅም። እጅህን እስከ ክርንህ ሰደህ ከጆንያው ሥር ትዘግን ነበር። እኔም እንደዚያው የክፍል ጓደኞቼን አንድ በአንድ ፈለግሁ። የተመዘገብነው አርባ አንድ ነበርን። ምዘናውን ያለፉት ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ በተማረው የሚሠራው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አጎቱ የድርጅት ሰው ስለሆነ ገንዘብ ያዥ አድርገውታል። ሌላው ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ኮብልስቶን ያነጥፋል። ፎዚያ ገበያ ውስጥ ሰልቫጅ ትሸጣለች፤ ዲፕሎማሽ የት ነው ብላት “ወላሂ፣ ከልብሱ ጋር ሸጬው ይሆናል” ብላ ሳቀች። ከሁላችን የተሻለ የሚያገኘው ጀማል ነው። በሦስተኛው ወር አቋርጦ ባጃጅ መንዳት ጀመረ፤ ዛሬ ባጃጇ የራሱ ነች። እፍረት ቢኖራቸው ግድግዳው ላይ የሚሰቅሉት የጀማልን ፎቶ ነበር።

እኔ ከዘጠኙ ውስጥ የለሁም፣ አባዬ። ምዘናውን ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ያልኩህም ውሸት ነው። ሚስማር በኪሎ እመዝናለሁ፣ ደሞዜም አንተ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ከሚሸከሙት ያንሳል።

የምረቃዬን ዕለት አስበው። ከአጋሮ ሽማግሌዎችን በሚኒባስ ጭነህ፣ አዲስ ኮት ለብሰህ፣ በግ አሳርደህ መጣህ። ዲኑ በቀይ ሪባን የታሰረ ጥቅል ወረቀት ሰጠኝ። ለሁላችንም ባዶ ወረቀት ነው የሚሰጠው፤ ያለፉት እውነተኛውን በኋላ ከቢሮ ይወስዳሉ። አንተ ከእጄ ተቀብለህ ሳምከው፣ ከቤታችን ካርታ ጋር ሳጥንህ ውስጥ አኖርከውና ማንም እንዳይነካው አልክ። እኔ ደግሞ በልቤ ናቅሁህ። የጆንያ ሥር የሚፈትሽ ሰው አንዲት ሪባን መፍታት አቃተው አልኩ። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል።

ትናንት ደላላው ሊመጣ ሲል ሳጥኑን ከፈትኩ። ባዶውን ወረቀት ለእማዬና ለሰናይት ላሳያቸው ነበር። ሪባኑ ግን አልፈታልሽ አለኝ። ዲኑ የሰጠኝ ሲስቡት እሺ የሚል የአበባ እስር ነበረው፤ ይኸኛው አንተ የጆንያ አፍ የምታስርበት፣ ዞሮ በሥሩ የሚገባው ቋጠሮ ነው።

እማዬ አየችኝና፣ “እሱማ ፈትቶት ነበር እኮ” አለች። በተመረቅሁ ማግስት አልጋው ጫፍ ተቀምጠህ፣ ጀርባህን ሰጥተሃት ከፈትከው። ብዙ ቆየህ። እሷ ፊደል ስለማትለይ ምን ይላል ብላ ጠየቀችህ። “ስሟን በትልቁ ጽፈውታል” አልካት።

ቋጠሮውን በጥርሴ ፈትቼ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ባዶነትን ለማንበብ ፊደል አያስፈልግም። እማዬ ገልብጣ አየችው፣ መልሳ ገለበጠችው። አባትና ልጅ ተደጋግፋችሁ አጃጃላችሁኝ አለች፣ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ደላላው ሲመጣ ከበር መለሰችው። ዛሬ ጠዋት ሰናይትን ወስጄ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት አስመዘገብኳት። እማዬ አሁንም ምሰሶ ላይ ስትወጣ እኔን እንዳትጠሩኝ ትላለች፣ ማሳዋ ግን አለች።

ተናድጄብሃለሁ። አንድ ቀን ጠርተህ ብትሰድበኝ ውሸቴን ያን ጊዜ እጥለው ነበር። አንተ ግን እውነቱን ይዘህ፣ እስክትሞት ድረስ በሽማግሌዎቹ ፊት “የኔ ባለ ዲፕሎማ” እያልክ ጠራኸኝ። ስለ ኮሌጁ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ያየሁትን እናገራለሁ፣ ስሜንም ጨምሬ። አንተን ግን ሞኝ አድርጌ ማስታወሴን ትቻለሁ። እስክንገናኝ ድረስ ስምህ በተነሳ ቁጥር በዓይኔ የሚመጣው፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጠህ፣ ምንም ያልተጻፈበትን ወረቀት ለእማዬ ስታነብላት ነው።

ልጅህ