ከዳኞች ክፍል የምትወጣዋ ልጅ

ውድ ወንድሜ ዜኖን፣

ለማንም እንዳትነግርብኝ እንጂ፣ ልጅህን በመጀመሪያው የሆኪ ልምምዷ ዕለት ያለበስኳት እኔ ነኝ፤ ያሳፈርኳትም እኔው። ሁሉን ትቼ መጀመሪያ የበረዶ ጫማዋን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩላት። ከዚያ ሱሪው በጫማው ስለት አላልፍ አለኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፣ ታውቀኛለህ፤ ስጎትት ገበሩ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ፈትተን እንደገና ስንጀምር የቅልጥም መከላከያውን የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ አደረግኩት። ልጆቹ ላብ በላብ ከሆኑ በኋላ የአንተ ልጅ እንደ ዳክዬ እየተወላገደች በረዶው ላይ ወጣች። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ የበረዶ ሜዳ ቡፌ ድንች ስጠብስ የኖርኩ ሴትዮ ነኝ እኮ! ግን ምን ላድርግ፣ እኔ ተጫዋቾቹን የማውቃቸው ለብሰው ሲወጡና ተርበው ሲመለሱ ነው።

አንቺን ማን አልብሺ አለሽ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ወንዶቹ መልበሻ ክፍል አላቸው። ላሪሳ የአስር ዓመት ሴት ልጅ ናትና እዚያ ልትገባ አትችልም። አሰልጣኝ ስላቭኮ ጭንቅላቱን እያከከ የዳኞቹን ክፍል ከፈተልን። ክፍል ካልነው ነው፤ አንድ አግዳሚ፣ አንድ አምፖል፣ መወልወያና ባለቤት ያጣ ጓንት የሞላበት ካርቶን። ወንዶቹ አንዱ ሌላውን እያየ፣ ትልቁ ለትንሹ እያሰረለት ይለብሳሉ። እሷ የምታየው እኔን ብቻ ነበር። እንግዲህ ውጤቱን ነግሬሃለሁ።

ወደ ማዕድን ማውጫው ስትሄድ ያልከኝን አልረሳሁም። ጃኒስ መንትዮቻችሁን በሁለቱ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ኩሽና ውስጥ ትንጎራደዳለች፣ አንተ ሻንጣህን ይዘህ በሩ ላይ ቆመሃል። "ስቴፋ፣ አደራሽን፣ ብራንት ሌክ ሴቶች ቡድን እንዳትወስጃት። ገና ሳትጀምር መሸሽ እንድትለምድብኝ አልፈልግም" አልከኝ። እኔም እሺ አልኩ። የእኛው የወንዶቹ ቡድን አባታችን የተጫወተበት፣ አንተና ወንድሞችህ ጥርሳችሁን ያወለቃችሁበት ቡድን ነው፤ ምን ልል እችላለሁ? የተጫዋቾች ስም ዝርዝር ለውድድሩ እስኪላክ ድረስ ከወንዶቹ ጋር ብትሞክር ምን ይጎዳታል ብዬ ነው። ዝርዝሩ ከሄደ በኋላ እንደሆነ ክረምቱ እስኪያልቅ ቡድን መቀየር የለም።

ወንዶቹን እንዳትቀየማቸው። ክፉ ልጆች አይደሉም። በረዶ የሚጠርገው ሰውዬ ልጅ፣ ያ ዴሪክ የሚሉት ጆሯም፣ ከዳኞቹ ክፍል ስትወጣ ባያት ቁጥር "ዳኛዋ መጣች፣ ጨዋታ ጀምሩ!" ይላል። ሁለት ቀን ዝም አለችው። በሦስተኛው ቀን ዱላዋን ተደግፋ "አንተ ልጅ፣ ብዙ አወራህ፤ ሁለት ደቂቃ ተቀጥተሃል፣ ሂድና ተቀመጥ" አለችው። ሁሉም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስሟ ዳኛዋ ሆኖ ቀረ። እንዳየሁት ከሆነ ስሙን አልጠላችውም።

ግን በእሷ ክፍልና በወንዶቹ መልበሻ መካከል ያ ግድግዳ ነበር። አንድ ቀን ትኩስ ቸኮሌት ይዤላት ስሄድ ሙሉ በሙሉ ለብሳ፣ የራስ ቁሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ አገኘኋት። ከወዲያ በኩል ወንዶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። "ምን ሆነው ነው?" አልኳት። "አይሰማም" አለችኝ። ስላቭኮ ምክሩንም ዕቅዱንም የሚሰጠው እዚያው ውስጥ ነው። ሱሪያቸውን ከታጠቁ በኋላ እሷን መጥራት ነበረበት። በሦስተኛው ሳምንት ረሳት። በረዶው ላይ ሲወጡ ሁሉም ወደ ግራ፣ ልጅህ ብቻዋን ወደ ቀኝ። ከራሷ ግብ ጠባቂ ጋር ተላትማ ሁለቱም ተንጋለሉ። አንዱ "አልሰማሽም እንዴ?" ብሎ ጮኸባት። መኪና ውስጥ ገብተን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ስንጠብቅ ነው "ቴታ አክስቴ፣ ሳይነግሩኝ እንዴት ልስማ?" ያለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ጥፋቴን ልንገርህ። እሑድ ዕለት ብራንት ሌክ ወሰድኳት። ጃኒስን ጠይቄያታለሁ፤ "ዜኖን ቢያኮርፍ ይወጣለታል፣ የልጄ ኩርፊያ ግን እኔ ላይ ነው የሚቀረው፣ ውሰጃት" አለችኝ። በሁለታችንም ላይ ተቆጣ፣ ለእኔ ግን ከፍ አድርገህ።

የሴቶቹን ቡድን የምታሠለጥነው ፓውሊን የምትባል የወተት መኪና ሾፌር ናት። ስም አልጠየቀች፣ የማን ልጅ ናት አላለች። "ዱላ አላት? በቃ ትግባ" አለች። እኔ ቦርሳውን ተሸክሜ ልከተል ስል አንዲት ቀውላላ ልጅ ከእጄ ተቀበለችኝና "እኛ እናለብሳታለን፣ እርስዎ ሻይዎን ይጠጡ" ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ሻዩ የት አለ? ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ውስጥ እንደ ገበያ ይንጫጫል። አንዷ ትዘፍናለች፣ አንዷ ፕላስተሬን ማን ወሰደው ትላለች። ከዚያ አንድ የማውቀው ድምፅ ከሁሉም በልጦ ወጣ፤ ላሪሳ ናት። አክስቷ ጫማ አስቀድማ ሱሪውን እንዴት እንደቀደደችው እየተረከች ነው። እግዜር ያሳይህ፣ ያን ያህል ልጅ በእኔ ላይ ሲስቅ ቆሜ ሰማሁ፤ በሰው ሳቅ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እስከዛሬ ነግሬህ አላውቅም። ልጆች ሆነን አባታችን ጓሮ ውሃ እያፈሰሰ በረዶ ሲሠራላችሁ፣ የእኔ ድርሻ አካፋውን ይዞ ጫፍ ላይ መቆም ነበር። አልጠየቅኩም፣ ማንም አልከለከለኝም። አልከፋኝም ብዬ ነበር የማስበው። ኮሪደሩ ላይ ግን ትንሽ ከፋኝ። ትንሽ ነው፣ አትጨነቅ።

ስንመለስ ላሪሳ ድንች የተሞላበት የቀዘቀዘ ፒሮሂ በእጇ እየበላች መስኮቱን ታያለች። "በቃ፣ ብራንት ሌክ ሆነ ማለት ነው?" አልኳት። "ገና ነው" አለች። ምን ቀረ ብላት፣ ስላቭኮን የምትጠይቀው ነገር እንዳለ ነገረችኝ። እኔ ልጠይቅልሽ ብላት እንደ አንተ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። ተውኩት።

ማክሰኞ ዘይቱን እያሞቅኩ ነበር፤ ከቡፌው መስኮት ሆኜ አየኋት። ስላቭኮን ኮሪደሩ ላይ አስቆመችው።

"አሰልጣኝ፣ ምክሩን እኔ ከገባሁ በኋላ ይጀምሩልኝ።"

"ልጄ፣ እነሱ እኮ ለመልበስ ሰዓት ነው የሚፈጅባቸው።"

"እኔ ብቻዬን ለብሼ እደርስ የለ? እነሱ አሥራ አራት ሆነው እንዴት ያቅታቸዋል?"

ስላቭኮ ገብቶ ወንዶቹን በአሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ልበሱ አላቸው። ማጉረምረሙ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን የዴሪክ ድምፅ፣ ዳኛዋን ልታስጠብቁ ነው እንዴ፣ ፍጠኑ እያለ ሲያጣድፋቸው ሰማሁ። ከዚያ ስላቭኮ ራሱ የዳኞቹን በር አንኳኳ። ላሪሳ ገባች፣ ዴሪክ ቦርሳውን ገፋ አደረገላት፣ ተቀመጠች። ያን ዕለት በረዶው ላይ ሁሉም ወደ ግራ ሲሄድ እሷም ወደ ግራ ሄደች። ይኸው ነው፤ ግብ አላገባችም፣ ጀግና አልሆነችም። መቆም ያለባት ቦታ ላይ ቆማ ነበር።

እኔማ ልቤ አረፈ። በቃ ወንዶቹ ጋ ልትቀር ነው፣ ለዜኖን ደስ የሚል ደብዳቤ እጽፋለሁ ብዬ ተዘጋጀሁ። ትናንት ሐሙስ ስም ዝርዝሩ የሚላክበት ቀን ነበር። ወረቀቱን ጃኒስ ፊት ዘረጋችና በራሷ እጅ "ብራንት ሌክ" ብላ ጻፈች። እኔ ነኝ አፌን መያዝ ያቃተኝ።

"አሁን በሩ ከተከፈተልሽ በኋላ?"

"ስለተከፈተ ነዋ። ባለፈው ሳምንት ብሄድ መሸሽ ነበር። አሁን ግን መሄድ ነው።"

"እዚያ ምን አለ?"

"እዚያ ልብስ ስቀይር የሚያወራኝ አለ" አለችኝ።

ጃኒስ ፈረመች። ያንተን ቃል ለላሪሳ እኔ አልነገርኳትም ዜኖን፣ በእናታችን አፈር። አንተ የሄድክ ዕለት ግን ላሪሳ የመንትዮቹን ጡጦ እያጠበች ኩሽናው ውስጥ እንደነበረች ሁለታችንም ረስተናል። ያልከውን ሰምታ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣበታለች። አንተን እንዳታሳፍር።

ስላቭኮ ሲሰማ ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ። ልጆቹ ገና ቶሎ መልበስ ሲለምዱልኝ ነው የምትሄጂው ብሎ አዘነ። ዴሪክ ደግሞ ብራንት ሌክ ጋር ስንገናኝ አልምርሽም ብሏታል። እሷም ቀድመህ ልበስ አለችው።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። እሑድ ማታ በካምፑ ስልክ ስትደውል ራሷ ልትነግርህ ነው፤ ቴታ ቀድመሽ እንዳትጽፊ ብላኛለች፣ እኔም እሺ ብያታለሁ፣ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ደብዳቤው ዛሬ በሚበረው አውሮፕላን ይደርስሃል። ስትነግርህ እንደ አዲስ ስማ። ያቺን የአባታችንን ዝምታ ግን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተዋት፤ አንተ ዝም ስትል ልጅቷ ስልኩ የተቋረጠ ይመስላታል። ምን ልበል ካልክ፣ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ከማን አጠገብ እንደምትቀመጥ ጠይቃት። ቀሪውን ራሷ ታወራሃለች፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ይናደዱብህ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በአዲሱ ማሊያዋ የመጀመሪያ ግጥሚያዋ ነው። ቡፌውን ለአንድ ቀን ዘግቼ እሄዳለሁ፤ ከተማው አንድ ቀን ድንች ሳይበላ ይዋል። ሰኞ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ፤ የወደቀችውን ሳልቀንስ፣ ያገባችውን ሳልጨምር።

የምትወድህ እህትህ
ስቴፋ