ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ

እህት ዓለሜ፣

ግራ የገባው ሰው ጤነኛ ነው ከተባለ፣ እኔ ደህና ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራንን ሳሠለጥን "ከተማሪው ሰፈር ጀምሩ" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ሰብኬ የለ? ዛሬ እዚህ ለሥራ በመጣሁበት ከተማ አንዲት ጀማሪ መምህርት ስታስተምር ልገመግም፣ እንደ ልማዴ ቅጼን ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ክፍሉ እንደኛው ነው፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ተጣብቀዋል። ልጆቹን ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ በካርታ እንዲስሉ አዘዘቻቸውና ለእኔም ወረቀት ይዛ መጣች። "እርስዎም የራስዎን ይሳሉልን እንጂ!"

ሳልኩ። ኮሌጁን፣ አደባባዩን፣ መድኃኒት ቤቱን። ከዚያ ወዲያ እስከ ቤቴ በር ድረስ ባዶ ሆነብኝ። በየቀኑ የምሄድበት መንገድ እኮ ነው! አጠገቤ ያለች ጥርሰ ፍንጭት ተማሪ አንገቷን አስግጋ አየችና "እዚህ ጋ ማን ነው የሚኖረው?" አለችኝ።

"ማንም" አልኳት።

"ሰፈርዎ ሰው የለውም እንዴ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህርቷን ልገመግም የያዝኩትን ቅጽ አንድም ነጥብ ሳልሞላበት አጣጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት። ማን ማንን እንደሚገመግም ጠፋብኝ።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም ጉንጫቸውን። ይኸው አሁን አድራሻሽን ልጽፍ ስል፣ እጄ ሳያመነታ "ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ፣ አረንጓዴው በር" ብሎ ጻፈ፤ ካርታው ላይ ባዶ የተውኩት፣ ማንም አይኖርበትም ያልኩት ቦታ።

እህቴ፣ ምን ነካኝ?